የተላገው ስም

አቶ ግሩም ወደ አስማማው የእንጨት ሥራ ቤት ራሳቸው ሲመጡ ያ ሐሙስ የመጀመሪያቸው ነበር። በግሽ አባይ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከምትገኘው ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ወረዱ። ጫማቸውን ከእንጨት ፍቅፋቂው ለማዳን ጫፍ ጫፉን እየረገጡ ገቡ። ከሦስት ወር በፊት የዚህን ሥራ ቤት ባለቤት ሽማግሌዎች በሳሎናቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አቁመው፣ «ልጄን ለእንጨት ጠራቢ አልሰጥም» ብለው የመለሱት እኒሁ ሰው ናቸው።

ታሪኩን ዛሬ የሚጀምር አንባቢ ይህን ያህል ቢያውቅ ይበቃዋል። አስማማው ከዱርቤቴ መጥቶ ባሕር ዳር ላይ በእጁ ሥራ የሚያድር የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። አሮጌ የተቀረጹ ወንበሮችን፣ አልጋዎችንና ሣጥኖችን ይጠግናል። እሌኒ የአቶ ግሩምና የወይዘሮ የሺመቤት ብቸኛ ልጅ ስትሆን በኮሌጅ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ያገናኛቸው እግሩ የተሰበረ አንድ ወንበር ነው።

ወንበሩ ከዋንዛ የተሠራ ነው። መደገፊያው ላይ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ሐረግ ተቀርጾበታል፤ የክንዱ ማሳረፊያ በሰው እጅ ብዛት ለስልሶ እንደ ቀንድ ያበራል። በአካሉ አንድ ሚስማር የለም፤ ምላሱ ከጎድጓዳው ገብቶ በሽብልቅ ታስሯል። የአቶ ግሩም ቤተ ሰብ «ይህ ለአያታችን ለፊታውራሪ ደስታ በዛብህ የተሸለመ ወንበር ነው» ሲል ኖሯል። ሚስማር የተገኘው ከመቀመጫው ሥር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው በኋላ ዘመን ስስ የኮምፔንሳቶ ሳንቃ መትቶበታል። አስማማው እግሩን ሊጠግን ኮምፔንሳቶውን ሲያነሣ፣ ከሳንቃው ሆድ ላይ በመሮ ጫፍ የተቀረጸ ጽሑፍ አገኘ፦

«ይህን ወንበር እኔ ጠራቢው ደስታ በዛብህ በእጄ ሠራሁት። ልጄ ወለላ ስትዳር የምትቀመጥበት ነው። የተቀመጠበት ሁሉ ይመርቃት። ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.»

ወለላ የአቶ ግሩም እናት፣ የእሌኒ ሴት አያት ናቸው። አስማማው ያን ቀን እሌኒን አስጠርቶ ሲያሳያት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ ዳሰሰችው። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ፊታውራሪያችን እንዲህ ያለ እጅ ከነበራቸው ጦሩ ምን ሊሠራላቸው!» አለች።

አስማማው የወደዳት በዚያች ሰዓት ነው። እሷ ደግሞ፣ በኋላ እንደ ነገረችው፣ ወንበሩን ሲገለብጥ ከሥሩ ጨርቅ ስላነጠፈለት ወደደችው።

የሐሙሱን ነገር እንቀጥል።

«ወንበሩ የት አለ?» አሉ አቶ ግሩም።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ግሩም። እስቲ አረፍ ይበሉ።»

«አረፍ ልል አልመጣሁም። ወንበሩ የት አለ አልሁህ።»

አስማማው ከጥግ አወጣው። እግሩ ተጠግኗል፤ በዕድሜ የሚመስለው የዋንዛ እንጨት ፈልጎ፣ ዱርቤቴ ከፈረሰ ቤት በር ላይ ነበር የገዛው። አቶ ግሩም ክንዱን፣ መደገፊያውን አላዩም። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከመቀመጫው ሥር ሰደዱ። ጣታቸው ፊደሎቹን ሲያገኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንሥተኸዋል» አሉ።

«ሳላነሣው እግሩ አይገባም ነበር።»

«እሌኒ አይታለች?»

«አይታለች።»

አቶ ግሩም ቀስ ብለው ቀና አሉ። አረፍ አልልም ያሉት ሰው ሣጥን ስበው ተቀመጡ።

«ኮምፔንሳቶውን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የሺመቤትን ባገባሁ ዓመት። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።»

«ምን አሉ እሳቸው?»

«ምንም አላለችም። ሚስማሩን ታቀብለኝ ነበር።»

አስማማው የወንበሩን ክንድ ያዘ።

«አንተ የዛሬ ሰው ነህ» ብለው ቀጠሉ። «አሮጌ እንጨት የሚወደድበት ዘመን ላይ ደርሰህ ትኮራለህ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የጠራቢ የልጅ ልጅ ተብዬ ዳቦ አብሮኝ የሚቆርስ አልነበረም። ያን ያስቀረሁት ተምሬ እንዳይመስልህ። ፊታውራሪ የምትል አንዲት ቃል ጨምሬ ነው። የሺመቤትን ያገኘሁትም በዚያች ቃል ነው። እስከ ዛሬ አታውቅም።»

«እሌኒ ግን አላፈረችበትም።»

«እሌኒ ተርባ አታውቅማ!» ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወዲያው ዝቅ አለ። «ስማኝ። ያመጣሁላትን መሐንዲስ ፊት ለፊት መለሰችው። ሌላ ሰው እንደማታገባ ገብቶኛል። ላገው። ጽሑፉን ላገውና እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ። አላቆማቸውም።»

«ስም ነው እኮ፣ አቶ ግሩም። የአያትዎ ስም ነው።»

«የእኔ አያት ነው። እንዲጠፋ የምፈቅደውም እኔ ነኝ። አንተ ምን ቤት ነህ?» ተነሥተው የኮታቸውን ጫፍ አራገፉ። «አማች ከሆንህ ደግሞ ነውሩ የጋራችን ነው። ሸፍነህ ታኖርልኛለህ። ለዚህ ነው የምሰጥህ፤ ወድጄህ አይደለም።»

ባጃጁ ሲርቅ አስማማው እንደ ቆመ ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ የለመነው «እሺ» መጥቶለታል። የእሌኒን ስም ቀስ ብሎ ጠራው፤ ደስታው መጣ። ከደስታው ጀርባ ግን ስሙን ሊጠራው የማይፈልገው አንድ ነገር ተከትሎ ገባ።

*

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤ ደረሰው። አቶ ግሩም የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች በመለሱ ጊዜ፣ ልጃቸው አስማማውን እንዳታገኘውና በስልክ እንዳታነጋግረው በሴት አያቷ አፅም አስምለዋት ነበር። ደብዳቤ መከልከሉን ግን ዘነጉት። እሌኒም መሐላዋን ሳታፈርስ በየሳምንቱ ትጽፋለች። አድራሿ በኮሌጅ አብራት የምታስተምረው ሐፍሳ ናት፤ አስማማውን እንጨት ያስተማሩት የጀልባ ሠሪው የጋሼ መስዑድ ልጅ።

«አስማማው፤

አባቴ እሑድ ሽማግሌ እቀበላለሁ ብሎ ትናንት ነገረን። እናቴ ራሷን አስራ ተኝታለች። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ አባቴ እንዲሁ የሚሰጠው ነገር አላውቅምና። የሆነው ይሁን። አደራህን፣ ኮምፔንሳቶውን እንዳትመልሰው። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ወንበሩን ገልብጬ አነበዋለሁ።

ይህን የማደርገው ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አያቴ ወለላን ስለ አባቷ ስጠይቃት ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋን ኩራት አድርጌ ቆጥሬው ኖርሁ። በዚያ ወንበር ላይ፣ በጉልበቷ ተቀምጬ አደግሁ። ከሥራችን አባቷ መርቋት ነበር፤ ይህን ሳትነግረኝ ሞተች። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብላት ይገባል። ባነበው ምክንያት አንተን ቢከለክሉኝ አዝናለሁ እንጂ አላፍርም። ቢሰጡኝ ደግሞ ማን መሆናችንን እያወቁ ይስጡኝ።

እሌኒ»

አስማማው ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ዓይኑ አንድ መሥመር ላይ ተተክሎ ቀረ፦ «አንተን ቢከለክሉኝ»። ከዚያ በፊት ያለውንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም አላየም። የሰው ልጅ ሊሰማ የፈለገውን ሲያነብ ፊደል እንዴት እንደሚታዘዝለት የሚያስገርም ነው።

ደብዳቤውን ወደ ኪሱ ሲከት ጋሼ መስዑድ ገቡ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው በእግር ነው የመጡት።

«ሙሽራው!» አሉ ከደጅ። «መሮህን አስቀምጥና ጢምህን ተላጭ። ጀልባ እንኳ ውኃ ስትገባ ቀለም ትቀባለች!»

«ጋሼ፣ ገና እኮ ነው። መቼ ሰጡንና?»

«ካልሰጡን ወለላቸው ላይ ነው የምተኛባቸው። ባለፈው አንድ ሰዓት አቁመውኝ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይነጫነጫል።» ወንበሩ ተገልብጦ ጨርቅ ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው ፊደሎቹን አነበቡ። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «ይህን ሰው ባገኘው ሳንቃ አስይዤው ጀልባ እሠራ ነበር» አሉ። «እየው፤ ሆዱን አልላገውም። የመጥረቢያውን ምት እንዳለ ትቶታል። ሰው በማያየው በኩል አልደከመም። ከሥር ጊዜ የሰጠው ለእነዚህ ፊደሎች ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለሴት ልጁ! ኮምፔንሳቶውን ትመልሰዋለህ?»

«አልመልሰውም» አለ አስማማው። እውነት ተናገረ፤ እውነቱ ግን ከውሸት ይከፋ ነበር።

«ደግ። አንድ ነገር ልንገርህ። ዕቃ የሚጠግን ሰው የተሰበረውን ብቻ ይነካል። የቀረው የሌላ ሰው እጅ ነው።»

ሽማግሌው ሄዱ። አስማማው በሩን ገርበብ አድርጎ መላጊያውን አነሣ። ስለቱን በድንጋይ ላይ ሳለው፤ ከሚገባው በላይ ሳለው፤ እጁ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ራሱን በዝምታ ያስረዳ ጀመር። እሌኒ ጽሑፉን ማንበብ የፈለገችው እኛ እንድንጋባ ነው፤ መጋባቱ ያለ ጽሑፉ ከተገኘ ጽሑፉ ለምን ያስፈልጋል? ደስታ በዛብህ ሞቷል። ወለላም ሞታለች። እኛ ግን አለን። ልጅ ስንወልድ ይህ ሁሉ ይረሳል። በኪሱ ያለው ደብዳቤ ይህን ሁሉ አስቀድሞ መልሶለት ነበር፤ እሱ ግን አላወጣውም። ከዚህም በታች፣ እሱ ራሱ እንኳ ባልደረሰበት ጥልቀት፣ ሌላ ሐሳብ ነበረ፦ አቶ ግሩም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጠራቢ ማለት የሚሸፈን ነገር ሳይሆን አይቀርም።

መላጊያውን ገፋው።

የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛው እንደ ማር። ዓመተ ምሕረቱ ቀድሞ ጠፋ። «በእጄ ሠራሁት» የሚለው በአራተኛው ግፊት ሄደ። የድሮው ሰው ግን «ልጄ ወለላ» የሚለውን ከሌላው አጥልቆ ቀርጾት ነበር። መላጊያው ሰባት ጊዜ ተመላልሶ እንኳ ፊደሎቹ እንደ ጥላ ይታዩ ነበር። አስማማው ላብ አጠመቀው። ሆዱን በሙሉ፣ የመጥረቢያውን ምት ጭምር፣ የስንዴ ፍሬ ውፍረት ያህል ላገው። በመጨረሻ ከፊቱ የቀረው ንጹሕ፣ ልሙጥ፣ ዲዳ ሳንቃ ነበር።

ቀጥሎ የሚያውቀውን ጥበብ ሁሉ አዋለበት። ሻይ አወፍሮ አፈላ፤ ጥላሸት በጠበጠበት፤ ቀባው፤ አደረቀው፤ ሰም አሻሸበት። አመሻሹ ላይ ሳንቃው የሰማንያ ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ አንድ ፊደል ተጽፎበት የማያውቅ የሰማንያ ዓመት ሳንቃ። የእግሩን መገጣጠሚያ ለማጽናት ከቆዳ የሚሠራ ኮላ ማሞቅ ነበረበት። ከእግሩ ሥር ያለውን ፍቅፋቂ አፍሶ ከምድጃው ከተተ።

እሳቱ ደስ ብሎት ተያያዘው። አስማማው እጁን አሞቀበት።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሰባታሚት ከሚገኘው ከአቶ ግሩም ቤት ደረሱ፤ ሁለቱ ከዱርቤቴ፣ ሦስተኛው ጋሼ መስዑድ። ወንበሩ ቅዳሜ ተመልሶ ከሳሎኑ ራስጌ ተቀምጧል። አስማማው፣ እንደ ወጉ፣ አብሯቸው አልመጣም።

«እንደምን አደራችሁ። ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ግሩም።

«አንቀመጥም» አሉ ከዱርቤቴዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም። ልጃችሁን ለልጃችን...»

«ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የተዘጋጁበት ንግግር ሁሉ በአፋቸው ቀረ። እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም፤ አንደኛው እንዲያውም ትንሽ ቅር ያለው ይመስል ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ መስዑድ ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጡ አቶ ግሩም ወደ ራስጌው ወንበር መሯቸው፤ ጉልበታቸውን ይዘው እየሳቁ ተቀመጡ።

እሌኒ ያን ጊዜ ከውስጥ ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ሽማግሌዎቹን በየተራ እጅ ነሥታ ከጋሼ መስዑድ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንዴ ይነሡልኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እናቷ። «ሽማግሌ ከተቀመጠበት ይነሣል እንዴ?»

ጋሼ መስዑድ ግን ለምን እንደሆነ ያወቁ መስሏቸው በፈገግታ ተነሡ። እሌኒ ነጠላዋን ከወለሉ አነጠፈች፤ ወንበሩን አቅፋ ገለበጠችው። ለማንበብ ትንፋሿን ሳበች።

ትንፋሹ አልተመለሰም።

እጇን ሰደደች። የመጥረቢያው ምት የነበረበት ቦታ እንደ መስተዋት ያዳልጣል። ጣቶቿ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ከዚያ እንደ ዓይነ ሥውር ጣት አንዲት ፊደል፣ የአንዲት ፊደል እግር፣ ፈለጉ። ቀና ብላ አባቷን አየች። አቶ ግሩም በመስኮቱ በኩል ደጁን ያዩ ነበር። ቀጥላ ጋሼ መስዑድን አየች፤ ሽማግሌው ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ እንደ ደረቀ፣ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር።

እሌኒ ወንበሩን አቃናችው። መቀመጫውን በነጠላዋ ጠረገችው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ትሑት ነበር፤ የሰማው ሁሉ ግን አንገቱን ደፋ።

*

አስማማው በሥራ ቤቱ ደጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይንቆራጠጥ ነበር። ባጃጅ ቆመና እሌኒ ወረደች። ሦስት ወር አላያትም። ሮጠ፤ ፊቷን ሲያይ ግን እግሩ ሳያዘው ቆመ። አልፋው ገብታ ከሥራ ጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«ተቀመጡ ተባሉ?» አላት።

«ተባሉ።»

«እሌኒ! እኮ ተሰጠሽኝ?»

«አባቴ ነው ያዘዘህ?»

እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «አዎ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ደብዳቤዬ የደረሰህ ዓርብ ጠዋት ነው። የላግኸው መቼ ነው?» ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ከደብዳቤዬ በፊት ነው በለኝ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ላግሁት በለኝ። ዋሸኝ፣ አስማማው፤ ለዛሬ ብቻ ዋሸኝ።»

መዋሸት ይችል ነበር። አለመዋሸቱ በዚያ ሳምንት ውስጥ የሠራው አንድ ንጹሕ ሥራ ነው።

«በኋላ ነው» አለ።

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ የተማሪ መልስ ትክክል ሆኖ እንዳገኘች።

«ለአንቺ ብዬ ነው!» ቃሉ ከአፉ ፈነዳ። «እንዳላጣሽ ብዬ ነው! ካልላግሁት አይሰጡኝም ነበር። ለሞተ ሰው ስም ብለን እኛ እንሙት?»

«ማን ይሞታል? እኔ ጽሑፉን አንብቤ፣ አባቴ ውጪልኝ ቢለኝ፣ በዚያው እግሬ ወደዚህ እመጣ ነበር። ሻንጣዬ ከአልጋዬ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር።»

አስማማው አጠገቡ ያለውን የእንጨት ክምር ያዘ።

«አልነገርሽኝም» አለ በቀስታ።

«ይህ የሚነገር መስሎኝ አያውቅም። አንተ የምታውቀው ይመስለኝ ነበር።» ዞራ መጣችና ቀኝ እጁን አነሣች። ልቡ ዘለለ። እሷ ግን ጥፍሮቹን ወደ ብርሃኑ አዞረች። «ሻይና ጥላሸት። በላዩ ሰም» አለች። «ነጭ ሆኖ ባገኘው ይሻለኝ ነበር። ነጭ ቢሆን፣ ተገድዶ ነው፣ እጁ ፈርቶ ነው እል ነበር። ያጠቆርኸው ነው የገደለኝ። ኖሮ እንደማያውቅ ልታደርገው ተጨነቅህ።»

«እመልሰዋለሁ» አለ። እንባው መጣ። «እሌኒ ትሙት፣ እመልሰዋለሁ። እያንዳንዱን ፊደል በቃሌ አውቀዋለሁ። ‹ወ› ላይ መሮው ትንሽ ሸርተት ብሎበት ነበር፤ እሷን ጭምር አውቃታለሁ። ቀርጬ አጠቁረዋለሁ። ማንም አይለየውም።»

«እሱን ነው የምፈራው። ማንም አይለየውም። እኔም እያደር የማልለየው ይሆናል።» እጁን ለቀቀች። «ፍቅፋቂውስ የት አለ?»

አስማማው ወደ ምድጃው አየ። ፈጥኖ ዓይኑን ቢመልስም እሷ ተከትላው አይታለች። ከአመዱ በላይ የኮላው ጣሳ ተቀምጧል።

«ኮላ አሙቄበታለሁ» አለ።

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እስካሁን ይዛው የነበረውን ሁሉ። አስማማው ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን ከመንገድ ቀረ፤ እጁ ራሱ አፍሮበት እንጂ እሷ አልከለከለችውም። ሲበቃት ፊቷን ጠረገች።

«አባቴ ሚስማር መታበት» አለች። «ሚስማር ይነቀላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሸፍኖት ሲኖር እንኳ ሊያጠፋው አልደፈረም። ለምን አንተን እንዳዘዘህ አሁን ገባኝ። የእሱ እጅ እምቢ ብሎት ነው። አንተ ግን እጅህ እሺ አለህ።»

«እወድሻለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ። ይህ አልጠፋም፤ መላጊያህ እዚያ አልደረሰም» አለች። «ግን ንገረኝ፤ በዚያ ሳሎን ውስጥ አማች ሆነህ ስትቀመጥ ማን ሆነህ ነው የምትቀመጠው? ልጆቻችን አባታችሁ ምን ይሠራል ሲባሉ ምን ይበሉ?»

«ጠራቢ ነው ይበሉ» አለ።

«በየትኛው አፋቸው? ቃሉን እኮ ከሳንቃው ላይ ያነሣኸው አንተ ነህ።»

ከደጁ ላይ ዞራ አየችው። በዚያች ዕይታዋ ቁጣ ቢኖር አስማማው ይጸናናበት ነበር። የነበረው ግን እሱ አሮጌ ዕቃ ሲመጣለት፣ አገላብጦ አይቶ፣ «ይህ እንኳ አይጠገንም» ለማለት ሲያቅተው የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ሽማግሌዎቹን አታሳዝንብኝ» አለች። «ጋሼ መስዑድን በተለይ። እምቢ ያልሁት እኔ እንደሆንሁ ንገራቸው፤ ለምን እንደሆነ እሳቸው አይተዋል። አባቴን ደግሞ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ዛሬ ግን አልችልም፤ ሐፍሳ ዘንድ አድራለሁ።»

ባጃጁ ተነሣ። አስማማው ከደጁ አልወጣም። ፀሐይዋ በበሩ በኩል ገብታ የሥራ ጠረጴዛውን፣ መሮዎቹን፣ በየመጠናቸው የተደረደሩትን መላጊያዎች አበራች። ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።

ስልኩ ጠራ። አቶ ግሩም ነበሩ።

«ልጄ አስማማው» አሉ። እንዲህ ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ ድምፃቸው ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ቀሎ ነበር። «እሌኒ አንተ ዘንድ ናት አይደል? ይዘሃት ና እንግዲህ፤ ምሳ ቀርቧል፤ ሽማግሌዎቹም እየጠበቁ ነው። ወንበሩን አየሁት። እንከን የለውም፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።» ከዚያም ጨመሩ፦ «እጅህ ይባረክ።»

አስማማው አሜን ማለት ነበረበት። ለታላቅ ሰው ምርቃት አሜን ሳይል የቀረበት ቀን በሕይወቱ የለም። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለው።